የድምፃዊውን እንጀራ እየበሉ ሬዲዮ መክፈት

ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተቀምጣችሁ የአማርኛ የኦንላይን ሬዲዮ ልትከፍቱ ነው እንበል። ኮምፒውተር አለ፣ ማይክ አለ፣ ከወዳጅ ዘመድ የተለቃቀመ በሺህ የሚቆጠር ዘፈን የታጨቀበት ሃርድ ዲስክ አለ። ሥራውን ከመነሻው ለማበላሸት ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልግም። የሚቀራችሁ ቀጥሎ ያለውን ምክር ሳታዛንፉ መፈጸም ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ከገጻችሁ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የዘፈኖቹ መብት የባለቤቶቹ ነው፤ የማንንም መብት ለመንካት አላሰብንም» በሉና እፎይ ብላችሁ ተኙ። ሕጉ ግን የሚጠይቃችሁ ፈቃድ አላችሁ ወይ ብሎ ነው እንጂ ምን አስባችሁ ነበር ብሎ አይደለም። እንዲያውም ያቺ መስመር ዘፈኑ የሰው መሆኑን እያወቃችሁ ማጫወታችሁን በገዛ እጃችሁ ታረጋግጣለች። አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተጠበቀና በወቅቱ የተመዘገበ ሥራ ያለ ፈቃድ ከተጠቀማችሁ፣ ካሳው ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ነው። ሆን ተብሎ ከሆነ ደግሞ እስከ 150,000 ዶላር ይደርሳል።

ቀጥሎ «ኤፍ ኤሞቹስ ለድምፃዊው መች ይከፍላሉ?» ብላችሁ ተከራከሩ። ነገሩ እውነትነት አለው፤ የአሜሪካ ኤፍ ኤም ጣቢያ የሚከፍለው ለግጥምና ለዜማ ብቻ ነው፤ ለተቀረጸው ድምፅ አይከፍልም። የኦንላይን ሬዲዮ ግን ለሁለቱም ይከፍላል። ግጥምና ዜማውን አስካፕ፣ ቢኤምአይ፣ ሲሳክና ጂኤምአር በተባሉ ክፍያ ሰብሳቢ ድርጅቶች በኩል፣ የተቀረጸውን ድምፅ ቅጂ ደግሞ ሳውንድኤክስቼንጅ በተባለው ድርጅት በኩል ማለት ነው። «እኛ ለትርፍ የቆምን አይደለንም» ማለትም አያድንም። ከ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሳውንድኤክስቼንጅ የሚከፈለው ዝቅተኛ ክፍያ ለአንድ ጣቢያ በዓመት 1,000 ዶላር ነበር፤ ይህም ለትርፍ ያልቆሙትንም ይመለከታል። ለአንድ አነስተኛ የማኅበረሰብ ጣቢያ ገንዘቡ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የስቱዲዮ ኪራይና የኢንተርኔት ወጪ ሲታሰብ ዘፈኑን ከበጀቱ ውጭ የሚያደርግ ሰው፣ ጣቢያው የቆመበትን ምሰሶ ነው የረሳው።

አሁን ዋናው ጥፋት ላይ ደርሰናል፤ እሱም ስም ማጥፋት ነው። ሃርድ ዲስኩን ክፈቱ። «ትራክ 04» የሚል ፋይል ታገኛላችሁ፤ እንዳለ ተዉት። ከሥሩ «የድሮ ምርጥ ሚክስ 2» አለ፤ አርባ ደቂቃ የሚሄድ፣ ስንት ሰው እንደዘፈነበት የማይታወቅ። እሱንም እንዳለ ልቀቁት። የአንዱን ድምፃዊ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ መዝግቡት፤ አንዴ በአንድ «ኤስ»፣ አንዴ በሁለት፣ አንዴ የአባቱን ስም ትታችሁ።

የዚህ ጥፋት ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ላሳያችሁ። ጣቢያው ምን እንዳጫወተ ለሳውንድኤክስቼንጅ ሲያሳውቅ የድምፃዊውን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስ፣ የአልበሙንና የአሳታሚውን ስም ወይም የቅጂውን መለያ ቁጥር መስጠት አለበት። ከተሰበሰበው ገንዘብ ግማሹ ለቅጂው ባለቤት ይሄዳል፤ 45 በመቶው በቀጥታ ለድምፃዊው፣ 5 በመቶው ደግሞ ለአጃቢ ሙዚቀኞችና ለተቀባዮች። 45 በመቶው በአሳታሚው ኪስ አልፎ የሚመጣ አይደለም፤ ድምፃዊው ከተመዘገበ በስሙ ይላክለታል። «ትራክ 04» ግን የባንክ ሒሳብ የለውም። እናንተ ከፍላችሁ እንኳ ስሙን ካበላሻችሁት ገንዘቡ ባለቤቱን ሳያገኝ ይቀመጣል፤ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላም ለሌሎች ሊከፋፈል ይችላል። አንድ አዛውንት ድምፃዊ ለመድኃኒት ሊሆነው የሚችል ገንዘብ በአንድ ሰነፍ ፋይል ምክንያት እንዲህ ይቀራል። ይህ ያናድደኛል፤ እንዲያናድዳችሁም እፈልጋለሁ።

በካሴቱ ዘመን ሽፋኑ ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» እየተባለ ሁሉም በየስሙ ይሰፍር ነበር። ካሴቱ ወደ ፋይል ሲገለበጥ ወረቀቷ ቀረች። እናንተም ፈልጋችሁ እንዳታገኟት! አየር ላይ የድምፃዊውን ስም ብቻ ጥሩ፤ ዜማውን የሠራው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሲያዳምጥ የራሱን ሥራ እንደ እንግዳ ይስማው።

«የድሮ ዘፈን ባለቤት የለውም» የሚለውንም አትርሱ። አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸውን ሸክላዎች የጣቢያችሁ ንብረት አድርጓቸው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ግን የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት ዕድሜ ልኩን ጸንቶ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። የሸክላው ቅጂ ዘመኑ ቢያልፍ እንኳ ድርሰቱ አላለፈም። ሕግ የተማረ ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን አገሮች አንዱ የሌላውን የድርሰት ሥራ እንዲጠብቁ ከሚያስገድደው የበርን ስምምነት ውጭ መቆየቷን ይነግራችኋል። አዲስ አበባ ብቻ የታተመ ሥራ አሜሪካ ውስጥ ጥበቃ የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ መሆኑ እውነት ነው። ግን ስንቱ ድምፃዊ አሜሪካና አውሮፓ ይኖራል፣ ስንቱ አልበም እዚያው ታትሟል! የቀረውም ቢሆን፣ የአገሩ መንግሥት ስምምነት አለመፈረሙ ሙዚቀኛውን ለመዝረፍ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ መስማት ያማል።

የጥላሁን ገሠሠን መታሰቢያ ቀኑን ሙሉ በእሱ ዘፈን ብቻ ሙሉት። ለሳውንድኤክስቼንጅ ስትከፍሉ ሕጉ የሚሰጣችሁ አጠቃላይ ፈቃድ ግን በሦስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ድምፃዊ ከአራት ዘፈን በላይ አይፈቅድም፤ በተከታታይ ደግሞ ከሦስት በላይ አይሆንም። ከዚያ ፕሮግራሙን ቀድታችሁ ዩቲዩብ ላይ ጫኑት፤ ፈቃዱ እዚያ እንደማይሠራ እርሱት። ለንደንና በርሊን ላለው አድማጭ ለማሰራጨት ሌላ ፈቃድ እንደሚያስፈልጋችሁም እንዲሁ።

ስለ ንግግሩ ፕሮግራም ብዙ አልልም። «የእንግዶች ሐሳብ የጣቢያችንን አቋም አይወክልም» ብላችሁ ክፈቱና የደወለው ሁሉ የፈለገውን ሰው ሌባ ይበል። ያ ማሳሰቢያ የሰውን ስም ያጎደፈ ንግግር በማሰራጨት ከሚመጣ ተጠያቂነት አያድናችሁም፤ ስሙ የጠፋውን ሰውም አያክመውም። ስኳርን በቅጠል እናድናለን የሚል ማስታወቂያ ገንዘብ ተቀብላችሁ ስታነቡ ደግሞ የሚጎዳው አድማጫችሁ ነው፤ እናንተን አምኖ ኪኒኑን የሚያቆም ሰው አለ።

በመጨረሻም ሙዚቀኛውን በምንም ዓይነት አትጠይቁት። ብዙዎቹ እዚያው ዋሽንግተን ዙሪያ ይኖራሉ፤ ለሰርግ ሲፈለጉ ስልካቸው በአንድ ቀን ይገኛል። ለፈቃድ ከተፈለጉ ግን ይኼው ስልክ አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈርማል፤ የትኞቹ ዘፈኖች፣ በየትኛው ጣቢያ፣ ለስንት ጊዜ፣ በቀጥታ ብቻ ወይስ ተቀድቶም፣ በየትኞቹ አገሮች፣ በስንት ክፍያ። ዘፋኙ የቅጂው ባለቤት ካልሆነ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ የግጥሙንና የዜማውን ባለቤት ስምም ከእሱ በተሻለ የሚያስታውስ የለም።