ገና ብቅ እያሉ ነው አሉኝ

ኧረ ለመሆኑ አንድ ዘፈን ለማውጣት ይህ ሁሉ ምጥ ምንድን ነው? የልጅ ልጄ ቤዝ ጊታር የሚጫወትበት የግላስጎው ባንድ አዲስ ነጠላ ዜማ ሊያወጣ ነው። ሊያወጣ ነው፣ ሊያወጣ ነው፣ እንዲሁ እንዳለ ሊያወጣ ነው። መጀመሪያ «አንድ ነገር እየመጣ ነው» ብለው የደመና ፎቶ ለቀቁ። በግላስጎው ሰማይ ሥር ደመና መምጣቱ ምኑ ነው ዜናው? ቀጥሎ የሽፋኑ ሥዕል ወጣ። ቀጥሎ ደግሞ ሥዕሉ እንዴት እንደተሣለ የሚያሳይ ቪዲዮ። ከዚያ ከዘፈኑ ላይ አሥራ አምስት ሰከንድ ቆንጥረው ቲክቶክ ላይ ጣሏት። ሙሉው ዘፈን ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው አሉ፤ ማስታወቂያው ግን ወቅት ተሻግሯል።

ይባስ ብሎ ያልሰማሁትን ዘፈን ስልኬ ላይ በቅድሚያ እንዳስቀምጥ ታዘዝሁ። «አባባ፣ አንዴ ብቻ ይንኩት» ይለኛል የልጅ ልጄ። ሳልሰማው? «ከሰሙት በኋላማ ምን ዋጋ አለው፣ ቁጥሩ የሚፈለገው በመጀመሪያው ቀን ነው።» እኔ እስከማውቀው ሰው ሳያየው የሚገዛለት ዕቃ የሬሳ ሣጥን ብቻ ነበር።

የሚወጣው ደግሞ ዓርብ ነው። ከ2015 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ዓለም በሙሉ አዲስ ሙዚቃ በዓርብ እንዲወጣ ተስማምቷል። በጾም ቀን ዳንኪራ! ማንን አማክረው እንደወሰኑት እንጃ።

እኔ ከፒያሳ ሸክላ የገዛሁ ሰው ነኝ። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብቱ በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ጎረምሳው በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሆኖ፣ መጣሁ መጣሁ ሳይል፣ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳትሞ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠው። ሄደህ ገዛህ። ሰማህ፣ ገለበጥህ፣ በጀርባው ሌላ ዘፈን አገኘህ። የዛሬው ዘፈን ጀርባም የለው። ልጁን «በዚያኛው በኩል ምን አለ?» ብለው ግራ ገብቶት ስልኩን ገልብጦ አየው።

ይህን ስናገር «አባባን የአገር ናፍቆት ነው የሚያናግራቸው» ይባላል። እሺ፣ ፒያሳን ተዉት፤ የራሳቸውን ከተማ ልንገራቸው። በ1980 አላን ሆርን የሚባል ወጣት ዌስት ፕሪንሰስ ስትሪት ላይ ካለ የመኖሪያ አፓርታማ ሆኖ ፖስትካርድ ሬከርድስ ብሎ የኦሬንጅ ጁስን ዘፈን አወጣ። የአሜሪካውን አሳታሚ የሞታውንን መፈክር ወስዶ፣ አሜሪካ የሚለውን ስኮትላንድ አደረገና «የወጣቷ ስኮትላንድ ድምፅ» ብሎ ለጠፈበት። ድፍረት ነው፤ ግን ድፍረቱን ሸክላው ላይ ነው የጻፈው። የባንዱ ዘፋኝ ኤድዊን ኮሊንስ ድምፁ ይዋልል እንጂ ጊታሩ ሲንቃጨል ልብ ያነሣል፣ ይህን አልክድም። በ1981 ፖስትካርድ ተዘጋ። በዚያች አጭር ዕድሜ የተሠራውን ነው እስከ ዛሬ ጊታር ያነሣ ሁሉ የሚቀዳው።

ቤል ኤንድ ሰባስቲያን የሚባሉት ባንድ ደግሞ በ1996 የመጀመሪያ አልበማቸውን ያሳተሙላቸው የስቶው ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ 1000 ሸክላ ብቻ። የባንዱ ልጆች ያኔ ቃለ መጠይቅ ሲሏቸው ይሸሹ፣ ፎቶ ሲሏቸው ይደበቁ ነበር። ሰው እነማን ናቸው እያለ ሸክላዋን ሲያሳድድ ዋጋዋ ጣሪያ ነካ። የእኛዎቹስ? ድራመሩ ጠዋት የበላውን ገንፎ ሳይቀር አውቃለሁ። ይህን ሁሉ አሳይተውን «ምስጢራዊ ድባብ ያለው ባንድ» ተብሎ ይጻፍልን ይላሉ።

«ገና ብቅ እያሉ ነው» ይላል ስለ እነሱ የሚጻፈው ሁሉ። ይህ ሲባል ልጁ ጢም አበቀለ። የድራመሩ ፀጉርማ ብቅ ማለቱን ትቶ መሸሽ ጀምሯል። ብቅ ብለው የሚወጡት መቼ ነው?

ገንዘቡን አታንሡት። በ2014 የብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ በስልክ የሚደመጠውን መቁጠር ሲጀምር፣ መቶ ጊዜ የተደመጠ አንድ ጊዜ እንደተሸጠ ይቆጠር ተባለ። እኔ አንዱን ሸክላ ገዝቼ መቶ ጊዜ ስሰማው የሚያልቀው መርፌው ነበር እንጂ አምሃ ገንዘቡን ተቀብሎ ጨርሷል። ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2024 ወዲህ በዓመት ውስጥ 1000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አልከፍልም ብሏል። ለዚህ ነው መሰለኝ ልጁ «ሲተኙ ዝቅ አድርገው ይክፈቱት» ያለኝ። ሌሊት በእኔ ስልክ ላይ የሚከፈተው መዝሙር ነው ብዬ መልሼዋለሁ።

ወደ ዘፈኑ ልምጣ። ቢለምኑኝ ቢለምኑኝ አልሰማም ብል ልጁ ግጥሙን ብቻ አስነበበኝ። ልጅቷ ከኩዊን ስትሪት ጣቢያ በመጨረሻው ባቡር ተሳፍራ ሄደች፤ ወዳጇ መስኮቱ ላይ ፊቱን ለጥፎ ዓመቱን ሙሉ ያለቅሳል። የት ሄደች? ኤድንብራ! በባቡር ሃምሳ ደቂቃ ገደማ! ኧረ እናንተ ልጆች፣ እኛ ባሕርና በረሃ የለየንን ሰው ነው በትዝታ የምናንጎራጉርለት። ለሃምሳ ደቂቃ መንገድ ትኬት ይቆረጣል እንጂ ይለቀሳል? ደግሞ ይህን ሁሉ ኀዘን በምን ዜማ ቢያቀርቡት ጥሩ ነው፦ በሚያስጨበጭብ ነው አሉ! እግር ይጨፍራል፣ አፍ ያለቅሳል። «የስኮትላንድ ኢንዲ ፖፕ ወጉ ይኸው ነው፣ አባባ» አለኝ። ወግ ከሆነስ ምን እላለሁ።

ዘፈኑን የሚያቀርቡበት ዝግጅት ሴንት ቪንሰንት ስትሪት፣ ኪንግ ታትስ ነው፤ 300 ሰው የሚይዝ ቤት። በ1993 የሸክላ አሳታሚው አላን ማጊ ኦዌሲስን ሰምቶ የወደዳቸው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ መድረክ የወጣ ባንድ ሁሉ ዓይኑን በሩ ላይ ሰክቶ ነው የሚዘፍነው። ወንበር ይኖራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሰዉ ቆሞ ነው የሚያየው አሉኝ። በእኔ ጉልበት! ታጣፊ ወንበሬን ይዤ፣ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ የሚያስነሣኝን አያለሁ። ድራመሩ አይቶኝ አዲስ ማጊ መጣ ብሎ ምቱን ቢያበላሽ ዕዳው የእኔ አይደለም።