የቺፍቻፍ እግር

ቺፍቻፍ የምትባለዋን ወፍ ለመለየት እግሯን ተመልከት ይላሉ ዐዋቂዎቹ። ጥቁር ከሆነ ቺፍቻፍ ናት፤ ገርጣ ካለ ዘመዷ ዊሎ ዋርብለር። የቀረው መልካቸው ያው ነው፤ ጀርባቸው ወይራማ ቡናማ፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ፣ ከዐይናቸው በላይ ሳሳ ያለ መስመር። ምክሩ ጥሩ ነው። ግን እግር እንዲታይ ባለእግሩ መቆም አለበት። ክብደቷ 10 ግራም የማይሞላው ይቺ ወፍ ደግሞ መቆም የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ከቅጠል ሥር ጥቃቅን ነፍሳት ለቀም፣ ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ እልም።

እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ባይኖኩላር ይዤ እንዳንጋጠጥሁ ቅጠል የተሸከሙ እናት ደረሱብኝ።

«ምን ጠፋህ ልጄ?»

«ወፍ ነው እማማ። እግሯን ልይ ብዬ።»

ሸክማቸውን ሳያወርዱ ሽቅብ አዩ። «ተሰብራ ነው?»

«አይ፣ ጥቁር መሆኑን ለማወቅ ነው።»

«ጥቁር ከሆነስ?»

«ከአውሮፓ የመጣች ቺፍቻፍ ናት ማለት ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «እግዜር ይማርህ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከእግሯ ይልቅ እኔ ጅራቷን አምናለሁ። ቺፍቻፍ ስትለቅም ጅራቷን ደጋግማ ወደ ታች ትነቀንቃለች፤ ዊሎ ዋርብለር በዚህ በኩል ጨዋ ናት። ከሁሉ የሚበልጠው መለያ ግን ድምፅ ነው። ጊልበርት ኋይት የተባለው በእንግሊዝ የሴልቦርን ካህን እ.ኤ.አ. በ1768 ለተፈጥሮ አጥኚው ለቶማስ ፔናንት በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰው አንድ ዓይነት ይላቸው የነበሩትን እነዚህን ወፎች ሦስት መሆናቸውን ያስታወቀው ዜማቸውን ለይቶ በመስማት ነው። ሦስተኛዋ ዉድ ዋርብለር ናት። ቺፍቻፍማ ስሟንም ያገኘችው «ቺፍ ቻፍ፣ ቺፍ ቻፍ» ከሚለው ዘፈኗ ነው።

ለካህኑ ቀሎታል። ዘፈኑ የሚደምቀው በአውሮፓ ጸደይ፣ ወንዱ ሚስት ሲፈልግ ነው። ለክረምታቸው ወደ እኛ ሲመጡ አንዳንዴ ቢሞክሩትም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው «ሁዊት» የምትል አጭር ጥሪ ናት። ሰርጉ እዚያ፣ ቀለቡ እኛ ላይ!

ዊሎ ዋርብለር ደግሞ ሌላ ጉድ አለባት። ሙሉ ላባዋን በዓመት ሁለት ጊዜ ትቀይራለች፤ እንዲህ የሚያደርጉ ወፎች ጥቂት ናቸው። ሁለቴ ቀይራም ያው ወይራማ፣ ያው ነጣ ያለ። እዚህ ድረስ ከደከመች አይቀር፣ አንዴ እንኳ ቀይ ብትሞክር ምን ነበረበት?