ስትጮህ የምትሰደብ፣ ዝም ስትል የምትረሳ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሐበሻ በሚበዛበት አፓርትማ የሚኖር ሰው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና የት ቤት እንዳለ ለማወቅ ጠሪ አያስፈልገውም። መጀመሪያ የሚቆላው ቡና ሽታ ኮሪደሩን ይሞላዋል። ቀጥሎ ጣሪያ ላይ የተለጠፈችው ክብ ነጭ የጭስ አላርም ትጮሃለች። ከዚያ አንድ ልጅ «እማዬ፣ አላርሙ!» ይላል፤ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ጩኸቱ ጸጥ ካለ አቦሉ እየደረሰ ነውና ነጠላ ጣል አድርጎ መሄድ ይቻላል።

ይህችን ምስኪን ዝም ለማሰኘት ያልፈጠርነው ዘዴ የለም። አንዷ ጎረቤቴ ከሆቴል ያመጣችውን የሻወር ቆብ ታጠልቅላታለች፤ ከጎረቤቴ ይልቅ ለፀጉሯ የምትጠነቀቀው አላርሟ ትመስላለች። ሌላዋ የእንጀራ ፌስታል በላስቲክ ታስርባታለች። ከላይ ያሉት ጋሼ ደግሞ ባለቤታቸው ሲቆሉ እሳቸው ከሥሯ ቆመው በፎጣ ያራግባሉ። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን ወጥ ቤት ገብተው የሠሩት ሥራ ይኸው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት በየዕድሩ ስብሰባ የምንጠቅስ ሰዎች፣ ቅጠሉን ያዋልነው ጭሱን ከአላርሟ ለማባረር ነው።

የአላርሟ አጀማመርም ከጭስ ጋር ነው። በ1930ዎቹ ዋልተር ዬገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ የመርዝ ጋዝ የሚለይ መሣሪያ ለመሥራት ሲለፋ፣ መሣሪያው ለጋዙ ንቅንቅ አልል አለው። ቢቸግረው ሲጋራ ለኮሰ፤ መሣሪያው ጭሱን አወቀ። ሰውዬው ሐበሻ ቢሆን ኖሮ ሲጋራውን ትቶ ቡና ያስቆላ ነበር። መሣሪያው ሲነቃነቅ ግን ታሪክ መሥራቱን ትቶ ፎጣ ፍለጋ ይሮጥ ነበር።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንዲት እናት አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጡ። ገና የመጀመሪያውን ቡና ሲቆሉ አላርሟ አናታቸው ላይ ጮኸች። እማማ ቀና ብለው አዩዋትና «ይቺ ደግሞ ቡና አትወድም እንዴ?» አሉ። አማችየው ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪዋን ነቀለና «አያስቡ እማማ፣ ዝም አሰኘኋት» አላቸው። «ታዲያ እሳት ቢነሳ ማን ይነግረናል?» ቢሉት ትንሽ አሰበና «ይሸተናል» አለ። እንቅልፍ የወሰደው ሰው አፍንጫ አብሮት እንደሚተኛ ማን ይንገረው! በአሜሪካ በቤት እሳት ከሚሞቱት ከአምስቱ ሦስቱ ገደማ የሚሞቱት አላርም በሌለበት ወይም ኖራም ባልጮኸችበት ቤት ነው። ባልጮኸችባቸው ቤቶች ዋናው ምክንያት ደግሞ ባትሪዋ መነቀሉ ወይም መሞቱ ነው። የእኛ አፍንጫ ከእንቅልፍ የሚነቃው ለጎረቤት ዶሮ ወጥ ብቻ ነው።

ባትሪዋ ያልተነቀለባት አላርም ደግሞ ሲደክማት በየደቂቃው ገደማ አንዴ «ጢው» ትላለች። የምትጀምረው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ተንኮል ይመስለናል እንጂ፣ ሌሊት ቤቱ ሲቀዘቅዝ የደከመ ባትሪ ጉልበቱ ጭራሹን ስለሚወርድ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት እንራገማለን። በማግስቱ ባትሪ ልንገዛ ወጥተን ሽንኩርት ገዝተን እንገባለን። ሳምንት ሳይሞላ ጆሮ ዳባ ልበስ! ከዳላስ እህት ትደውላለች፦

«ምንድን ነው እሱ ጢው የሚለው?»

«የቱ?»

«ይኸው! አሁን እንኳ አለ!»

«ኧረ እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ስልክሽ ይሆናል።»

እሷም «እንጃ» ብላ ዝም ስትል፣ በእሷ በኩል ጢው ይላል። እኛ የስልኩን እየከፈልን ሁለቱ አላርሞች ያወራሉ።

ሰዓት በተቀየረ ቁጥር ባትሪም ቀይሩ ይሉናል፣ በዓመት ሁለቴ መሆኑ ነው። ለማን ነው የሚነግሩት? እኛ እኮ የመኪናችንን ሰዓት ሳንነካ፣ ወራት ጠብቀን ራሱ ልክ እስኪመጣ የምንቀመጥ ሰዎች ነን።

ድሮ የአፓርትማው ፍተሻ ቀን ሲደርስ ማየት ነበር! «ነገ እንገባለን» የሚል ወረቀት በር ላይ ሲለጠፍ ሕንፃው በሙሉ ባትሪ ይበዳደራል። ተቆጣጣሪው ሊፍት እስኪጠብቅ ያቺው የሁለተኛ ፎቅ ባትሪ በደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ትቀድመዋለች። ሜሪላንድ ሳታውቅብን አልቀረችም፤ በ2013 ሕግ አወጣች። በባትሪ ብቻ የሚሠሩት አላርሞች እስከ 2018 መግቢያ ድረስ ባትሪያቸው በማይነቀልና አሥር ዓመት በሚቆይ እንዲተኩ ታዘዘ። እኛም ባትሪው እንቢ ሲለን አላርሟን ከነነፍሷ አውርደን መሳቢያ ውስጥ ከተትናት። እዚያ ሹራባችንን ከእሳት ትጠብቃለች።

የሕንፃው ትልቁ ደወል ሲጮህማ ሌላ ትዕይንት ነው። ማንም አይወጣም። ሁላችን መጋረጃ ገለጥ አድርገን ሌላው ወጥቶ እንደሆነ እናያለን፤ ሌላውም በመጋረጃው በኩል እኛን ያየናል። ማንም ስላልወጣ እሳት የለም ማለት ነው። የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ በግድ ስንወርድ፣ ጋቢ ደርበን ቆመን የምንጠይቀው «ምን ተቃጠለ?» ብለን አይደለም፤ «የማን ቡና ነው?» ብለን ነው።

የሚገርመው ትንሿ አላርማችን የምትጠይቀን ነገር ማነሱ ነው። በወር አንዴ «ቴስት» የምትለዋን ቁልፍ መጫን። አልፎ አልፎ አቧራዋን በቫኪዩም መሳብ። ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን የተሠራችበትን ቀን አይቶ አሥር ዓመት ከሞላት መቀየር። ከምድጃው ቢያንስ ሦስት ሜትር ማራቅና፣ ወጥ ቤት አካባቢ በምግብ ጭስ ቶሎ የማትደነግጠዋን ፎቶኤሌክትሪክ የሚባለውን ዓይነት መስቀል። ብዙዎቹ ለጥቂት ደቂቃ ዝም የምታሰኝ ቁልፍም አላቸው፤ ከዚያ አላርሟ ራሷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጥቂቷ ደቂቃ ለቡናው መቁያ ትበቃለች። ለሐሜቱ ባትበቃም ሐሜት አይጨስም።

ስለዚህ ለዕቁባችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ወር በገባ ቁጥር ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የተሰበሰብንበት ቤት ባለቤት ወንበር ላይ ወጥታ የአላርሟን ቁልፍ ትጫን። አላርሟ ካልጮኸች የዚያች ቤት ዕጣ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ። ያን ጊዜ አላርሙን የሚረሳ ሐበሻ በመላው ሜሪላንድ ተፈልጎ አይገኝም። የሚቀጥለው ወር ተረኛ እኔ ስለሆንኩ ግን ደንቡ ከዚያ በኋላ ቢጀምር አልጠላም።