ፓሪስ ያላጨበጨበችለት ትከሻ

ታንጎን መውደድ ነውር የለውም፤ ነውሩ ለጭፈራ ማዕረግ ከባሕር ማዶ መጠበቁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቦነስ አይረስና የሞንቴቪዴዮ ድሆች ያፈለቁትን ታንጎ የአገሩ ባለጸጎች «የወራዳ ጭፈራ» ብለው ናቁት፤ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ፓሪስ ስታብድለት ግን እነሱም ጫማቸውን ወለወሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኔስኮ መዘገበው። በመንዝ፣ በጓሳ ደጋ ዙሪያ የሚጨፈረው የእኛው እስክስታ ግን ፓሪስን ስላልረገጠ፣ ለከተሜው ዘመናይ ያው «የገጠር ጭፈራ» ነው።

«ታንጎ እኮ ሥልጠና ይጠይቃል» ይባላል። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየር በሳሳበት ደጋ፣ ትከሻን እንዲያ ማርገፍገፍ ታዲያ ያለ ልምምድ ይገኛል? «በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር እስክስታን ለመድረክ አብቅቶ የለ?» የሚልም አለ። አብቅቷል፤ እኛ ግን ለእስክስታው እልል እንላለን፣ ለታንጎው እንከፍላለን። ታንጎ የወደደ ይደንስ፤ የመንዝን ትከሻ ለማድነቅ ግን የፈረንሳይን ፈቃድ አይጠብቅ።