ዓባይን በአንድ መዳፍ

ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና መቀመጥ እንደ ክብር ይቆጠራል። እኔ ግን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ያየሁትን ካየሁ ወዲህ የኋላ ወንበር ፈላጊ ሆኛለሁ።

ሹፌራችን ወጣት ነው፤ ጨዋታ አዋቂ። ቀኝ እጁ ከስልኩ አይለይም። ግራ መዳፉን መሪው ላይ ለጥፎ፣ ምጣድ እንደሚያስስ ሰው ዙሪያውን ያሽከረክረዋል። በእኔና በእሱ መካከል የተቀመጡት እናት አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ እግዜር ሁለት እጅ የሰጠህ ለምን ይመስልሃል?»

«እማማ፣ ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜም እነዳዋለሁ።»

«እንግዲያው የእኛን ዓይን አታስጨፍን!»

ዝንጀሮዎቹ ሙዝ የሚወረውርላቸውን እየጠበቁ መንገድ ዳር ተደርድረዋል። ጥምዝምዙ ላይ ስንደርስ ልጁ መዳፉን ገልብጦ መሪውን ከውስጥ በኩል ጨበጠው። እዚያ አካባቢ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ጎብጧል። የፊት ጎማው ከጉብታው ጋር ሲላተም መሪው በኃይል ዞረና መሃሉ ላይ ያለው ብረት አውራ ጣቱን መታው። «ወይኔ ጣቴን!» ብሎ ጭራሽ ለቀቀው። መኪናው ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ዞሮ ጠጠር ክምር ላይ ወጥቶ ቆመ። የሹፌሩ ሙያ እንዳይመስላችሁ፤ የእማማ ጸሎት ነው።

ከኋላችን ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ቆመና ጸጉራቸው የሸበተ ሹፌር ወረዱ። ሥራ የጀመሩት በድሮው የጭነት መኪና፣ በኤንትሬ ነው። የልጁን ጣት አይተው ሳይጠይቁት ገባቸው።

«መሪውን የሰዓት ገጽ ነው ብለህ አስበው። ግራ እጅህ 9 ላይ፣ ቀኝህ 3 ላይ።»

«በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» አለ ረዳቱ። ሁላችንም ሳቅን። ደግነቱ የእኛ 3 ሰዓት የፈረንጅ 9፣ የእኛ 9 ደግሞ የፈረንጅ 3 ነው፤ በየትኛውም ቢቆጠር ቦታዎቹ ያው ሁለቱ ናቸው።

«አውራ ጣት ክቡ ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይጠመጠምም። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ቀኝህ ከላይ ወደ ታች ይስባል፤ ግራህ እየተንሸራተተ ወርዶ ከታች ይቀበለውና ወደ ላይ ይገፋል። እጅ ከእጅ አይሻገርም።»

እሳቸው ሲማሩ ግን የተነገራቸው 10 እና 2 ነበር። የኤንትሬ መሪ ሰፊ ነው፤ ሃይድሮሊክ ስለሌለው በትከሻ ጉልበት ከላይ ካልተጎተተ አይዞርም። የዛሬ መኪና መሪ ለስላሳ ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ኤርባግ ታጥፎ ተቀምጧል። ግጭት ሲመጣ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይፈነዳል፤ ክንዱን መሪው ላይ አጋድሞ የሚነዳን ሰው በገዛ ክንዱ ፊቱን ይጠፈጥፈዋል። እጅን ወደ ጎን ዝቅ ማድረግ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

እማማ ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው የልጁን ጣት አሰሩለት። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግረን፣ ደጀንን አልፈን፣ ደብረ ማርቆስ እስክንገባ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ነዳ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የሚያነሱት እማማ ነበሩ፦ «መሪ ይዟል፣ ኋላ ደውል!»