ባቡሩ በወገዳ በኩል ይለፍ!

የድሮ ባቡር ፎቶ ያነሱ ሰዎች ሁሉ ተማክረው ያነሱ ይመስለኛል። ሎኮሞቲቩን መሃል ያደርጋሉ፤ ከፊቱ ባርኔጣ የደፉ ፈረንጆችን ይደረድራሉ፤ ከጎን መኳንንቱን ያቆማሉ፤ ከበስተኋላ ያለችውን ትንሽ ቤት ደግሞ በእንፋሎት ይሸፍኗታል። እኔ የምፈልገው ያችን ቤት ነው። ሌላው ስለ ሞተሩ ጉልበት ሲያወራ እኔ አጉሊ መነጽር ይዤ የፎቶውን ጥግ እፈትሻለሁ። ምነው እኒህ ደጃዝማች ካባቸውን ትንሽ ሰብሰብ ቢያደርጉት እላለሁ። ጋይንት ተወልጄ፣ ባቡር ሳላይ አድጌ፣ በጎልማሳነቴ የባቡር ምልክት ቤቶችን አሳንሶ በካርቶን መሥራት ያዘኝ።

የምልክት ቤት ምን እንደሆነ ለእናቴ ያስረዳኋት በማማ ነው። በሲማዳ ቆላ ማሽላው ሲያፈራ ልጆች ወንጭፍ ይዘው የሚወጡበትን፣ በእንጨት ላይ የቆመውን ማማ ታውቃለች።

«እንደ ማማ ነው እማዬ። ከፍ ያለ ነው፣ ዙሪያውን መስኮት ነው፣ አንድ ሰው እላዩ ላይ ሆኖ ይጠብቃል።»

«ምኑን?»

«ሁለት ባቡር እንዳይጋጭ።»

«አይተያዩም እንዴ?»

«ቢተያዩም ቶሎ መቆም አይችሉም፤ ከባድ ናቸው።»

«ገለል ብሎ ማሳለፍስ?»

«ከሐዲዱ መውጣት አይችሉም።»

ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ይህን ያህል ደንቆሮ ከሆነ ለምን ሠሩት?» አለች። የባቡርን ዋና ችግር እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለዚያ ድንቁርና መላ ካበጁት አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ሳክስቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 የፈጠራ መብት ባወጣበት ዘዴ፣ ሐዲድ የሚያቀያይሩትና ምልክት የሚሰጡት እጀታዎች እርስ በርስ ተቆላለፉ። ጠባቂው ሐዲዱን ለግራው መንገድ ሳያስተካክል በግራ ለሚመጣው ባቡር «እለፍ» ልበል ቢል እጀታው አይነቃነቅለትም። ቢቆጣ፣ ቢሳደብ፣ አለቃ ደውሎ ቢያዘው ብረቱ እምቢ ይላል። ስንት መሥሪያ ቤት ነው እንዲህ ያለ ብረት የሚያስፈልገው! እጀታዎቹ በቀለም ይለያሉ፤ የማቆሚያው ምልክት ቀይ፣ የሩቅ ማስጠንቀቂያው ቢጫ፣ የሐዲድ ማቀያየሪያው ጥቁር፣ የማቀያየሪያው መቆለፊያ ሰማያዊ ነው። ምንም ሥራ የሌለው እጀታ ነጭ ይቀባል። ሥራ ፈት ነጭ መልበሱን እኛም አገር አላጣነውም።

አንዱ ምልክት ቤት ከሌላው ጋር የሚነጋገረው በደወል ነው። አንድ ምት «ስማኝማ» ማለት ነው። አራት ምት «ፈጣኑን የመንገደኛ ባቡር ልልክልህ ነው፣ መንገዱ ነጻ ነው?»፤ ሁለት ምት «ገባልህ»፤ ስድስት ምት «አደጋ አለ፣ አቁም!»። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ደወሉን መልሶ እስኪደግምለት ድረስ ባቡሩ ንጉሥ ቢጭንም ንቅንቅ የለም። ይህ አሠራር በብሪታንያ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1889፣ አየርላንድ ውስጥ አርማ አጠገብ ወደ 80 ሰው በአንድ አደጋ ካለቀ በኋላ ነው። ሽሩዝበሪ በሚባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1903 የተሠራ ባለ 180 እጀታ ምልክት ቤት አለ። እሱን ለመሥራት መቼም አልደፍርም፤ 180 እጀታ ቀብቶ የሚጨርስ ሰው ዓይኑም ትዳሩም አይተርፍለትም።

የኛው ምድር ባቡር ነጠላ ሐዲድ ነበር። ከወዲህ የሚሄደውና ከወዲያ የሚመጣው ያችኑ አንዷን መንገድ ስለሚጋሩ መተላለፊያቸው ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ ሽቦም እንዲዘረጋ ያዝዝ ነበር። ሰው ስለ ሐዲዱ ያወራል እንጂ ስለ ሽቦው ማን ያነሳል? ሥራው ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተቋቋመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

«ለምን ባቡሩን ትተህ ቤቲቱን?» ይሉኛል። የጠረጴዛ ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልክ 1 ለ87 ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የጉናን ተራራ ልሥራ ብል ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ባሕሩን ከሳሎኔ ወለል ብጀምር ጫፉ ከ46 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ከላይ ጎረቤት አለ። አነስ ያለች ምልክት ቤት ግን 9 ሳንቲ ሜትር በ4 ናት። ከስኳር ዕቃው ጎን ትቀመጣለች፣ ለማንም አታስቸግርም።

መከራው ልኬቱ ነው። እንግሊዞቹ ፎቶው ላይ ጡብ ይቆጥራሉ፤ አራት ረድፍ ጡብ ከነስሚንቶው 30 ሳንቲ ሜትር ግድም ስለሆነ ረድፉን የቆጠረ ሰው የቤቱን ቁመት ያገኛል። ድንጋይ ግንብ ላይ ይህ አይሠራም፤ ድንጋዩ እንደየግንበኛው ጸባይ ነው። ደግነቱ የድሮው ሐዲዳችን አንድ ውለታ ውሎልናል። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር ስለሆነ፣ ሐዲዱ ፊት ለፊት የታየበት ፎቶ ሁሉ ሜትር ይዞ የተነሳ ፎቶ ነው። ሰውንም መለኪያ ማድረግ ይቻላል፤ ብቻ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቆሙበትን ፎቶ ለዚህ ሥራ አልመክርም። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ባርኔጣቸው ከፍ ያለ ስለሆነ በሩ ባንዱ ስሌት ያድጋል፣ በሌላው ያንሳል።

በአካል ሄዶ መለካትም አለ። ግን በዚህ ዘመን ሜትር ዘርግቶ የድሮ ግድግዳ የሚለካ ሰው ሲታይ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ሁለተኛውን መስኮት ሳልጨርስ አጠገቡ ሻይ የምትሸጥ ሴት «መቼ ነው የሚፈርሰው?» አለችኝ። ከእሷ ኋላ ስለ ምትክ ቦታ የሚጠይቅ ሰልፍ ተያዘ። ዘበኛው መጣና ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ።

«ሞዴል ልሠራ ነው።»

«ሞዴል 19 ነው 22?»

ለካ ዕቃ ግምጃ ቤት የሠራ ሰው ኖሯል። ሁለቱም በእጄ እንደሌለ ሲረዳ ሜትሬን ወሰደብኝ። ደረሰኝ ግን አልሰጠኝም።

ድሬዳዋ ላይ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አገኘሁ። ጥያቄዬን በአማርኛ አቀረብሁ፣ በፈረንሳይኛ መለሱልኝ። ፈረንሳይኛ እንደማልችል በአማርኛ ነገርኋቸው፣ እሱንም በፈረንሳይኛ አዘኑልኝ። በመጨረሻ በአማርኛ አገሬን ጠየቁኝ። ጋይንት አልሁ።

«ጋይንት? በየትኛው ጣቢያና በየትኛው ጣቢያ መሃል ነው?»

ምን ልበላቸው? ጋይንትና ባቡር በአንድ ታሪክ ውስጥ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ ያኔም ቢሆን በመካከላቸው መላው ትግራይና ላስታ ነበር። የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ናፒየር ጦሩን ይዞ ዙላ ሲወርድ፣ ከባሕሩ ወደ ኩማይሌ ሃያ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሐዲድ አስነጠፈ። በዚያው ሰሞን አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ጋይንትን አቋርጠው ወደ መቅደላ ያስጎትቱ ነበር። እንግሊዝ በእንፋሎት፣ እኛ በትከሻ። የኛ ሰው ያን ጊዜ ሎኮሞቲቭም ሆኗል፣ ሐዲድም ሆኗል፣ መንገዱንም እየጠረገ ሄዷል። ጦርነቱ ሲያበቃ የእንግሊዞቹ ሐዲድ ተነቅሎ ሄደ፤ ሴባስቶፖል ግን ይኸው ዛሬም መቅደላ ነው። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው «ታዲያ ምልክቱን የሚሰጠው ማን ነበር?» አሉኝ። የሙያ ሰው ናቸው።

እናም የጋይንትን መስመር ራሴ ሠራሁት። ሞዴል ሠሪዎች እንዲህ ያለ ልማድ አላቸው፤ ያልነበረ መስመር «ቢኖር ኖሮ» ብለው ይፈጥራሉ፤ ግን ጣሪያው፣ ምልክቱ፣ የበሩ ማንጠልጠያ ሳይቀር የዘመኑን ሥርዓት መከተል አለበት። ውሸቱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ትልቁ። የኔው ባቡር ከወልዲያ ይነሳል፣ ጨጨሆን ተጠማዞ ይወጣል፣ ነፋስ መውጫ ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ ደብረ ታቦር ያመራል፤ ባጭሩ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩልንን መንገድ ይከተላል። ጨርሶ ከሜዳም አላመጣሁትም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ ድረስ የሚመጣው ሐዲድ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል፤ ከወልዲያ ወረታ የሚያገናኝ መስመርም በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ነበረ። እኔ የቀደምሁት በካርቶን ነው።

ለፋሲካ አገር ቤት ይዤው ገባሁ። ዘመድ ተሰብስቧል፤ ጠላው ወርዷል። ሳጥኑን ስከፍት ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ዝም አለና ከእስቴ የመጡት አጎቴ ጀመሩት።

«መካነ ኢየሱስ የታል?»

«አጎቴ፣ ጉና መሃል ገባ።»

«ጉና የኛም ነው፤ ማን ከለከለህ?»

«ባቡር ዳገት አይወድም። በመቶ ሜትር ሁለት ተኩል ሜትር ቢወጣ ነው።»

«ይዙራ!»

አጎቴ «ይዙራ» ካሉ አለቀ። ይህን የሰማው የሲማዳው አማቻችን ዋንጫውን አስቀመጠ። «እኛ መቼም መንገድም ውኃም ሲታደል እንደተረሳን ነው፤ በካርቶንም ትረሱን? ባቡሩ በወገዳ በኩል ይለፍ!» ወገዳ ለመድረስ ያለውን ገደል ላስረዳ ሞከርሁ። «ፍየሎቻችን የሚወጡትን ገደል ብረት ያቅተዋል?» አለኝ። ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የመጣው ጎረቤት ደግሞ ለመስመሩ ግድ አልነበረውም፤ ሐዲዱ በማን ማሳ ላይ እንዳረፈ ነው የጠየቀው። ካሳውም በ1 ለ87 ይሰላል ብዬ ቀለድሁ። የሒሳብ መምህር የሆነ ልጁ ከጓዳ ብቅ ብሎ፣ ማሳ ስፋት ስለሆነ ለ7,569 ነው የሚካፈለው አለ። አባትዬው ያን ቀን ልጁን አላናገረውም።

ሁለቱን ቅርንጫፍ መቀጠል ግድ ሆነ። ቅርንጫፍ በተጨመረ ቁጥር ማቀያየሪያ ይጨመራል፤ ለማቀያየሪያው መቆለፊያ፣ ለየመንገዱ ምልክት፣ ለየምልክቱ እጀታ ያስፈልጋል። በአምስት እጀታ ልገላገል ያሰብኋት ቤት በሁለት ጣት ረዘመች፤ ከስኳር ዕቃው ጎን ተነስታ የጠረጴዛውን ግማሽ ያዘች። እናቴ እስከዚህ ድረስ አልተናገረችም። ሲበርድላቸው ጎንበስ ብላ በመስኮቱ አየችና ውስጥ ያለውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ሰው በጣቷ ነካችው።

«ይህ ሰው ሚስት አለው?»

«የለውም እማዬ።»

«ማን ያበላዋል? ደግሞ ነፋስ መውጫ ላይ በኮት ብቻ?»

ጋቢ ቀባሁለት። ጥለቱን በአንድ ፀጉር ብሩሽ መሥራት ከ180 እጀታ አይተናነስም።

ሚስቱን በተመለከተ ሽማግሌዎቹ እየተነጋገሩበት ነው። የሥራ ድልድሉም ሆነ፤ ጠባቂው ከጋይንት፣ የጣቢያ ሹሙ ከእስቴ፣ ትኬት ቆራጩ ከሲማዳ። አማቻችን ሹመቱን የተቀበለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ የሲማዳ ፍየል በነጻ ይሳፈር ባይ ነው። አጎቴ ደግሞ፣ የእስቴ በግ እየከፈለ ፍየል በነጻ አይሄድም ብለዋል። ታሪፉ ለሚቀጥለው ፋሲካ ተቀጥሯል።