አቅጣጫ የተቀመጠለት ጎመን

ጎመን ክብሩን ያገኘው ዘግይቶ ነው። «ጎመን በጤና» እየተባለ ሥጋ ላጣ ሰው መጽናኛ ሆኖ ሲኖር ኖሮ፣ ዛሬ ባነር ላይ ወጥቷል። ባነሩ የሚሰቀለው ጎመን በሚበቅልበት ጓሮ ወይም በሚሸጥበት ጉልት እንዳይመስላችሁ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ነው፤ ካልሆነም አዳማ፣ የመዋኛ ገንዳ ባለው ሆቴል አዳራሽ። «የጤናማ ምግብ ተደራሽነትን በባለድርሻ አካላት ቅንጅት እናሳድጋለን» ይላል። ከሥሩ የተደረደረው ዓርማ ብዛት፣ አንድ ቤተሰብ በሳምንት ከሚያየው የአትክልት ዓይነት ይበልጣል።

የመድረኩ ሥርዓት ተፈትኖ የተረጋገጠ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የተባለው ስብሰባ አራት ሰዓት ላይ ይከፈታል። የክብር እንግዳው ስለ ስኳር፣ ጨውና የረጋ ዘይት ጉዳት ጠንከር ያለ መልእክት አስተላልፈው እንደወረዱ ሻይ ይታወጃል፤ ተሰብሳቢውም መልእክቱን እያሰላሰለ ኬክ፣ ሳምቡሳና ለስላሳ ያነሳል። ጠረጴዛው መሐል ሙዝ፣ ወይንና ብርቱካን የሞላበት ቅርጫት አለ። ፕላስቲክ ነው። ከማሳ እስከ ገበያ የሚበላሸውን ምርት ለመቀነስ ከዚህ የተሻለ ቴክኖሎጂ እስካሁን አልተገኘም።

ከሻይ በኋላ ቁጥር ይመጣል፤ ቁጥሩ ግን አያስቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃ ምግብ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት 38 በመቶው ቀንጭረው ነበር። በ2019 እንደገና ሲለካ 37 በመቶ ሆነ። በሦስት ዓመት አንድ! በዚያ አካሄድ መቀንጨር የሚጠፋው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ለዚሁ የቆረጠው ቀን ግን 2030 ነው። አዳራሹ ሒሳቡን አይሠራም። «ተስፋ ሰጪ መሻሻል» ብሎ ያጨበጭባል።

ወረቀት ጎደለ የሚል ካለ ይዋሻል። የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አለ። የአመጋገብ መመሪያውም እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል፤ ብሉ ከሚላቸው ውስጥ አትክልትና ፍራፍሬ ይገኙበታል። የጎደለው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ አትክልቱን እስከ ሰው ደጃፍ የሚያደርስ «አጋር»። ያንን አጋር ለመለየት የጥናት ቡድን ይቋቋማል፣ አማካሪ ይቀጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል።

የምትፈለገው አጋር ግን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአትክልት ተራ ተመልሳ፣ ማዳበሪያዋን አንጥፋ፣ ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ከፍላ ተቀምጣለች። የጉልት ነጋዴ ትባላለች። ሙሉ ኪሎ መግዣ ለሌለው አንድ መደብ ሽንኩርት፣ ለወጥ የምትበቃ ቃሪያና አንድ እስር ጎመን ትሸጣለች፤ ለጎረቤት ደግሞ በዱቤ ትሰጣለች። የሠፈሩን ቤት ሁሉ ታውቃለች። የትኛውም አማካሪ በመቶ ገጽ ሊነድፍ የማይችለውን የስርጭት መረብ በአንድ ጃንጥላ ሥር ታካሂዳለች። አዳራሹ ውስጥ «ተደራሽነት» ተብሎ በሚጨበጨብበት ሰዓት ደንብ አስከባሪ ሊደርስባት ይችላል፤ ያኔ ቲማቲሟን በማዳበሪያ ጠቅልላ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ትሮጣለች። ካልፈጠነች ዕቃዋ ይወረሳል። ድሮ «የጎመን ምንቸት ውጣ» የሚባለው በመስከረም ብቻ ነበር፤ አሁን አሥራ ሦስቱንም ወር ሆኗል።

ሌላም ሳይጋበዝ የሚሠራ አለ። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ምገባ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ያቀርባል፤ የሚያበስሉት በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው። ልጅ ሲጠግብ ደግሞ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። እነዚህ እናቶች ግን ስለ «ማኅበረሰብ ተሳትፎ» ገለጻ ሲሰጥ እምብዛም አይታዩም። ድስት ስለሚያማስሉ ጊዜ የላቸውም መሰለኝ።

ዓለም አቀፍ ተሞክሮም አይቀርም፤ ዘወትር ከምሳ በፊት ባለችው የመጨረሻ ስላይድ ላይ። የብራዚሏ ቤሎ ኦሪዞንቴ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ምግብን የዜጎች መብት ብላ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ገበሬዎች ለቀማኛ ነጋዴ ሳይገብሩ ከተማ ውስጥ ቆመው እንዲሸጡ ቦታ ሰጠቻቸው። ጥሩ የመሸጫ ቦታ ለሰጠቻቸው ነጋዴዎች ደግሞ ግዴታ ጣለች፦ ዋና ዋና አትክልቶችን በተወሰነ ዋጋ ሽጡ፤ ቅዳሜና እሁድ መኪናችሁን ጭናችሁ ወደ ድሃ ሠፈሮች ሂዱ። ለዚህ ሁሉ የወጣው ከከተማዋ በጀት 2 በመቶ አይሞላም። የአቅራቢው ድምፅ ግን እዚህ ላይ ይጠፋል፤ ቡፌው ተከፍቷል።

ከሰዓት በኋላ የቡድን ውይይት፣ ከዚያ የጋራ መግባባት፣ ከዚያ የጋራ ፎቶ። አቅጣጫ ይቀመጣል፤ ካለፈው ዓመት አቅጣጫ አጠገብ። አበሉ ይፈረማል።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ዱከም ላይ መኪናው ይቆማል፤ መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ደርድራ የተቀመጠች ሴት አለች። «የባለድርሻ አካላት» የሚለው ካርድ ከደረቱ ያልወረደ አንድ ተሳታፊ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ዋጋ ይጠይቃል።

«እቱ፣ አሥር ብር ቀንሺልን እንጂ!»